ባዶ ነው የሚባለው የቤንዚን ሰልባትዮ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ በምኖርበት ግቢ ያየሁት ነገር ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዶኛል። የምኖረው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ሰባት ቤተሰብ አንድ የውጭ በርና አንድ የውሃ ቧንቧ በሚጋራበት የቆየ ግቢ ውስጥ ነው። ከጎረቤቶቼ አንዱ፣ በላዳ ታክሲ የሚተዳደር ትጉህ ወጣት፣ የመኪናውን የነዳጅ መያዣ፣ በጋራዥ አነጋገር ሰልባትዮውን፣ ፈትቶ አውርዶ፣ ውስጡ የነበረውን ቤንዚን ጀሪካን ውስጥ ገልብጦ፣ በውሃና በዱቄት ሳሙና አጥቦ አጥሩ ሥር አስደግፎት ነበር። የታችኛው ላሜራ በዝገት ተበልቶ ሁለት ቦታ ያፈስስ ስለነበር በያጅ ጠርቶ መምጣቱን ይጠብቃል። ከሰልባትዮው ስድስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ደግሞ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ለግቢው ሰው ቡና ሊያፈሉ ከሰል አቀጣጥለው ያራግባሉ። ልጁን ጠጋ ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ እኮ፤ ጠብ የሚል ነገር የለውም፣ ባዶ ነው» አለኝ።

እትዬ ነገሩ ሲነገራቸው ከሰሉን ወዲያው አነሡ፤ በያጁም ሲመጣ የመንገዱን ከፍለን መለስነው። ያ ወጣት ግን ግዴለሽ አልነበረም፤ እንዲያውም ከብዙ ሰው ይልቅ ተጠንቅቋል። ያልነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ፈሳሽ የሌለበት ሰልባትዮ ባዶ አለመሆኑ ነው። ይህንኑ በአውቶ መካኒክ መምህርነት በሠራሁባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬያለሁ። አሁን በጡረታ ላይ ብሆንም፣ በየግቢው መኪናውን በገዛ እጁ ለሚጠግነው የመሐል ከተማ ነዋሪ በጋዜጣችሁ በኩል መድገም ግዴታዬ ሆኖ ተሰምቶኛል።

ቤንዚን ፈሳሹ ራሱ አይነድም፤ የሚነደው ከላዩ የሚነሣው ትነት ነው። ይህ ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ እሳት ለመያዝ የሚበቃ ያህል ይነሣል፤ ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እንዲህ አያደርግም። ትነቱ የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር በተወሰነ ልክ ሲደባለቅ፣ ይኸውም ከድብልቁ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ የሚሆነው ትነት ሲሆን ነው። ሰልባትዮ ቤንዚን ሲኖርበት ውስጡ በትነት ስለሚጨናነቅ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ልክ ያልፋል፤ ለመንደድ አየር ያንሰዋል። ቤንዚኑ ተገልብጦ ክዳኑ ሲከፈት ግን አየር ይገባል፣ ትነቱ ይሳሳል፣ ድብልቁም ወደዚያ አደገኛ ልክ ይወርዳል። ለዚህ ነው ግማሽ ቤንዚን ካለበት ሰልባትዮ ይልቅ ተገለበጠ የተባለው የሚፈነዳው።

መጠኑ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አንባቢ እንዲያስበው እፈልጋለሁ። 40 ሊትር በሚይዝ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው አየር የመቀጣጠያውን ዝቅተኛ ልክ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ቤንዚን 3 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ይህን ያህሉ በላሜራው መጋጠሚያ እጥፋት፣ ነዳጁ እንዳይናወጥ በውስጥ በተተከሉት ክፍልፋዮች ሥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዝገቱ ቅርፊት ውስጥ ተደብቆ መቅረቱ የሚያስገርም አይደለም። የሳሙናው ውሃ ካልደረሰበት ቦታ አይወጣም፤ የብየዳው ነበልባል ላሜራውን ሲያሞቀው ግን ይወጣል። ሽታ የለውም ማለትም ማስረጃ አይሆንም፤ ረፋዱን ሙሉ ቤንዚን ሲያሸት የቆየ አፍንጫ ይደነዝዛልና።

የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይበተንም፤ እንደ ፈሰሰ ውሃ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። የእኛ ቤት እሳት ደግሞ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው። የቡናው ከሰል፣ የዕጣኑ ማጨሻ፣ በግቢው ጥግ ያለው የእንጀራ ምጣድ፣ አብዛኞቹ ከጉልበት በታች ናቸው፤ ትነቱ የሚሄድበት ከፍታ ላይ ማለት ነው። ከሌላ አገር የመጡ የጥገና መመሪያዎች ሲጋራ አታጭሱ ይላሉ፤ የቡና ከሰል ግን የእኛ ጉዳይ ስለሆነ እኛው መናገር አለብን። በቆርቆሮ አጥር የታጠረ ጠባብ ግቢ ነፋስ እንደልብ አይገባውም። ከተማችንም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላባት በመሆኗ፣ በእኩል ሙቀት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ቤንዚን እዚህ በቀላሉ ይተናል።

ታዲያ ሰው ለምን ይህን ሥራ ቤቱ ይሠራል የሚል ይኖራል። እኔ ጥገናን ከሚቃወሙት ወገን አይደለሁም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ለላዳ፣ ለቮልስ ወይም ለዲኤክስ አዲስ ሰልባትዮ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሶማሌ ተራ የሚገኘው ከሌላ አሮጌ መኪና የወረደ ነው፤ ከውጭ ቀለም ተቀብቶ ቢያምርም ውስጡ ከራሳችን የባሰ የዛገ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ከአባቴ የወረስኳትን ቮልስ እስከ ዛሬ እነዳለሁ። የዚህች መኪና ምርት በመጨረሻ ሜክሲኮ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ስለቆመ፣ ያለውን ከማደስ በቀር ምርጫ የለኝም።

ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ሰልባትዮዋ ደግሞ ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ከነጂውና ከጎኑ ከሚቀመጠው ሰው እግር በላይ ነው። ስለዚህ ሲያፈስስ መንገድ ላይ ብቻ አያንጠባጥብም፤ ትነቱ ወደ መንገደኛው ክፍል ይገባል። ከዓመታት በፊት የእኔው ሲያፈስስ አንድ ጋራዥ ወስጄ ነበር። ቀዳዳውን በስታኞ፣ ይኸውም ቀልጦ በሚያጣብቅ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ፣ ደፈኑልኝ፤ ያ ደህና ነበር። ዝገቱን ለመከላከል ብለው ግን ውስጡን ለብረት በር የሚሆን ተራ ዘይት ቀለም አፍስሰው ቀቡት። ቀለሙ በቤንዚን እየሟሟ እየተላጠ ፊልትሮውንና ካርቡራተሩን ዘጋውና፣ አንድ ማታ ከልጆቼ ጋር ቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ቆመን ቀረን። ከዚያ ወዲህ ብየዳ የማይጠይቀውን ሥራ ሁሉ ራሴ እሠራለሁ፤ እሳት የሚጠይቀውን ግን ዛሬም በቤቴ አልሞክረውም። በእኔ አስተያየት ድንበሩ ይኸው ነው፦ ማውረድ፣ ማጠብ፣ ዝገት ማስለቀቅ፣ ማድረቅ፣ ትንንሽ ቀዳዳ በኤፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ነገር ተደባልቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ መድፈን የቤት ሥራ ነው፤ ብየዳ፣ በነበልባል የሚሠራ ስታኞና በግራይንደር መቁረጥ አይደለም።

የቤቱ ሥራ የሚጀምረው ከመፍታቱ ብዙ ቀን አስቀድሞ፣ ቤንዚኑ በመንዳት እንዲያልቅ በማድረግ ነው። የሚቀረውን ጥቂት በእጅ ፓምፕ መቅዳት ይገባል። በቱቦ በአፍ ስቦ መቅዳት ሾፌሮች የለመዱት ነገር ቢሆንም፣ ጥቂት ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን ክፉኛ ያቃጥላል። የተቀዳው ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀመጥ። ፕላስቲክ ጀሪካን ቤንዚን ሲንቆረቆርበት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይጠራቀምበታል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ደግሞ ለውሃ ከተደረደሩት ጀሪካኖች መለየቱ ያስቸግራል፣ ልጆችም አሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ፣ መኪናው ጣራ በሌለው ቦታ ቆሞ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ተነግሮት መሆን አለበት። የዚያን ቀን ቡናው ሌላ ግቢ ይጠጣ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ዱቄት የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ ወይም የተሞላ የአሸዋ ባልዲ ይቅረብ፤ በውሃ የሚጠፋ መስሎ የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ መድፋት ነበልባሉን ይዞ ይሄዳል።

ሰልባትዮው በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል፤ ግን ይህ እጥበት ለብየዳ ሳይሆን ለቀጣዩ የዝገት ሥራ ነው። የተልፈሰፈሰው ዝገት እንዲረግፍ አጭር ሰንሰለት ከውሃው ጋር አስገብቶ ማንገላታት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጠጠር ግን ክፍልፋዮቹ ውስጥ ስለሚሰነቀር አልወደውም። የቀረውን ዝገት አሲድ ያስለቅቀዋል። አቼቶ 5 በመቶ ያህል አሲድ ስላለው ይሠራል፣ ግን ብዙ ሊትር ይፈልጋል፣ ቀናትም ይወስዳል። እኔ የምመርጠው የሎሚ ኮምጣጣነት የሚመጣበትን ሲትሪክ አሲድ በዱቄት ገዝቶ፣ ለ10 ሊትር ሙቅ ውሃ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ አሟሙቶ ሰልባትዮውን እስከ አፉ መሙላትና አንድ ቀን ማሳደር ነው። አሲዱ ብረቱን ሲነካ ሃይድሮጅን ስለሚወጣና እሱም የሚነድ ጋዝ ስለሆነ ክዳኑ አይዘጋም፣ እሳትም አይቀርብም። በባትሪ ቻርጀርና በሶዳ ውሃ ዝገት የማስለቀቅ ዘዴም አለ፤ ብዙ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ሰባት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ እንዲሞከር አልመክርም። ከሁሉ ይልቅ የምፈራው የመጸዳጃ ቤት አሲድ የሚጠቀሙትን ነው። ደህናውን ላሜራ ጭምር ይበላል፤ በኋላ ለማጽዳት ተብሎ በረኪና ከተጨመረበት ደግሞ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል።

አሲዱ ከወጣ በኋላ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ማርከስና ደጋግሞ ማጥራት፣ ከዚያም ሳይዘገይ ማድረቅ ያስፈልጋል። አዲስ የተላጠ ብረት እርጥበት ካገኘው ገና እያያችሁት ቀላ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ይህን ሥራ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት ጠዋት ጀምሮ ቀትር ፀሐይ ላይ ማድረቅ ተመራጭ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የተሠራ ከደረቀበት ይልቅ የሚዝግበት ይፈጥናል። ከደረቀ በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ ውስጡ አብርቶ ከውጭ ሲታይ ቀዳዳዎቹ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መናገር አለብኝ። ቀዳዳ ለመፈለግ ሰልባትዮውን ጎሚስታ ዘንድ ወስደው በኮምፕሬሰር አየር የሚያስሞሉ አሉ። ሰልባትዮ ጎማ አይደለም። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆነ የላሜራ ገጽ ላይ አንድ ባር ግፊት ብቻ 2,500 ኪሎ ያህል ጫና ይሆናል፤ መጋጠሚያው ከተተረተረ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጎዳል። አፉን ሁሉ ደፍኖ፣ ከውጭ የሳሙና አረፋ ቀብቶ፣ በቱቦ በሳንባ ብቻ እፍ ማለት ይበቃል፤ ይህም ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ከታጠበ በኋላ መሆኑ ግልጽ ነው።

የመርፌ ቀዳዳ የሚያህለውን ቤንዚን የሚቋቋም ኤፖክሲ ይደፍነዋል፤ ላሜራው በደንብ ተፍቆ ቅባቱ ከጸዳ። በቆዩ መኪኖች ላይ ብዙ ሰልባትዮዎች እርሳስና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የተለበጠባቸው ስለሆኑ በደረቁ መፋቅ የእርሳስ አቧራ ያስነሣል፤ በእርጥብ ጨርቅና በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ይፈቅ፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ ልጆች አይቅረቡ። ሾፌሮች የሚያውቁት የደረቅ ሳሙና ዘዴ፣ ይኸውም ሳሙናውን ቀዳዳው ላይ አሽቶ መለጠፍ፣ ሳሙና በቤንዚን ስለማይሟሟ ጋራዥ እስኪደረስ ያቆያል፤ ከዚያ በላይ ግን አይታመንም። ዝገት ለመከላከል ውስጡ የሚቀባውን መለበጫ በተመለከተ፣ ዝገቱ ጥልቅ ካልሆነ ሳይለብጡ መተው ይሻላል የሚል አቋም አለኝ። በአገራችን ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኤታኖል መጀመሪያ 5፣ በኋላም 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ የቆየበት ጊዜ ነበር። ኤታኖል አንዳንዱን መለበጫ ያላላል፣ ውሃም ይስባል። የሚለብጥ ሰው ኤታኖልን እንደሚቋቋም የተጻፈበትን ብቻ ይምረጥ፤ ካልሆነ በእኔ የደረሰው ይደርስበታል።

ቀዳዳው ከዚህ የሰፋ ከሆነ ሰልባትዮው ወደ ባለሙያ ይሄዳል። እዚያም ባለቤቱ ዝም ብሎ ማስረከብ የለበትም። «አየሩንና ትነቱን በምን ታስወጣዋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ተቀባይነት ያለው መልስ ሰልባትዮውን ለረጅም ጊዜ በእንፋሎት ማጠብ፣ ቀዳዳው ከላይ እንዲሆን አዙሮ ከሥሩ ትንሽ ቦታ ብቻ እስኪቀር በውሃ መሙላት፣ ወይም በናይትሮጅን አለዚያም በካርቦን ዳይኦክሳይድ መሙላት ነው፤ እንፋሎቱን ከሌሎቹ ከአንዱ ጋር የሚያጣምር ባለሙያ ካገኛችሁ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። «በሳሙና አጥቤዋለሁ» የሚል መልስ ከመጣ ሰልባትዮውን ይዞ መመለስ ይሻላል። የሌላ መኪና ጭስ በቱቦ አስገብቶ መበየድም አይታመንም፤ በጭሱ ውስጥ ኦክሲጅን ይቀራል፣ ፍንጣሪም አብሮ ሊገባ ይችላል።

ሰልባትዮው ሲመለስ የጎማ ቱቦዎቹና ፊልትሮው በአዲስ ይተኩ፤ የአየር መውጫዋ ቀጭን ቱቦም አትረሳ፤ እሷ ከተደፈነች ነዳጁ መውረድ ያቆምና ሰው ፓምፑን ይከስሳል። በመጀመሪያ 5 ሊትር ብቻ ሞልቶ ማሳደርና በማግስቱ በነጭ ጨርቅ ሥሩን ማበስ ይበቃል። በክረምት ሰልባትዮን ሞልቶ ማቆም የውስጡ አየር ስለሚቀንስ፣ በቀኑና በሌሊቱ የሙቀት ልዩነት የሚጤዘውን ውሃም ይቀንሳል። ዝገቱን የጀመረው ይኸው ውሃ ነው።

ስለ ፍሳሹ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤንዚን የነካው የእጥበት ውሃ ብዙ ጊዜ በግቢው ቦይ ይለቀቃል። በመሐል ከተማ የሚለቀቀው ወደ ባንቲቀጡና ወደ ቀበና ወንዞች፣ ከዚያም ወደ አቃቂ ይደርሳል፤ በአቃቂ ውሃ ደግሞ እኛው የምንበላው ጎመንና ሰላጣ ይለማል። በተዘጋ ቦይ ውስጥ የሚሄድ ቤንዚን ትነቱን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ግቢም ሊገባ ይችላል። የሚመለከተው የከተማው አካል እንዲህ ያለውን ፍሳሽና የተበላሸ ነዳጅ ነዋሪው የሚያስረክብበት ቦታ በየክፍለ ከተማው ቢያዘጋጅ፣ አሁን ቦይ ውስጥ የሚደፋው ሰው ሁሉ ይዞ የሚሄድበት ይኖረው ነበር። በልደታ፣ በአራዳና በቂርቆስ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ሰልባትዮ በእንፋሎት የማጠብ አገልግሎት በመጠነኛ ክፍያ ለሕዝቡ ቢሰጡ ተማሪዎቹ ይማሩበታል፣ በያጁም ከሞት ይተርፋል። የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ የባዶ ሰልባትዮን ነገር እንዲጨምርልን በትሕትና እጠይቃለሁ። የነጻ ስልኩን፣ 939ን፣ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ ብሎን ሳይፈታ በፊት ስልኩ ላይ ይመዝግበው።

የጎረቤቴ ሰልባትዮ በአሁኑ ሰዓት ቀዳዳዎቹ ለጊዜው ተወትፈው በሲትሪክ አሲድ ተሞልቶ፣ አፉ እንደተከፈተ፣ ከግቢያችን ውጭ ባለው ክፍት ቦታ ላይ ይገኛል። ነገ አብረን አጥበን እናደርቀዋለን፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች ከኤፖክሲ የሰፉ ስለሆኑ እንፋሎት ያለውን በያጅ እያፈላለግን ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ጡረተኛ የአውቶ መካኒክ መምህር
ከተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ